የሞተ ዱቄት

ሚያዝያ 16 ቀን 2017

ዛሬ አራት ሞቱ። አራቱም ከፊት ቤት።

ይህን ደብተር ያስገዛኝ የእንስሳት ሐኪሙ አብዲራሺድ ነው። በየቀኑ ስንት እንደሞተ፣ ኩሳቸው ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሰጠኋቸው ጻፊ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መዝገብ ስይዝ የኖርኩ ሴትዮ፣ ልጄ የሚሆን ሐኪም መዝገብ አያያዝ ያስተምረኛል። ይሁን። እጽፋለሁ።

ኩሳቸው ውሃ ነው፣ አረፋ አለው። አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከገላቸው አርቀው ይቆማሉ። እስከ ትናንት ሙቀቱ ነው ስል ነበር። ድሬ መቼ ሙቀት አጥታ ታውቃለች? እንቁላሉም ቀንሷል፤ ያለውም ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ገና ሲያነሱት ይሰበራል።

ሁለት መቶ ሃያ ዶሮዎች ነበሩ። ግማሾቹ የፊት ቤት፣ ግማሾቹ ጓሮ ኒም ዛፏ ስር ያለው ቤት። የፊቶቹ ዛሬ ዘጠና አንድ ቀርተዋል።

ሚያዝያ 17

ሦስት።

አብዲራሺድ መጥቶ አንዷን ከፍቶ አሳየኝ። አንጀቷ እንደ ረጠበ ወረቀት ሳስቷል። ምን ስትሰጪያቸው ነበር አለኝ። ምን ይደበቃል፣ ነገርኩት። ባለፈው ወር ተቅማጥ ሲጀምራቸው እሱን ሳልጠይቅ ሦስት ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ ገዝቼ በመኖ ሰጥቻለሁ። ራሱን ያዘ። አንጀታቸው ውስጥ የሚኖሩ ጥሩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ መኖውን የሚያብላሉላቸው፣ መጥፎውን የሚከላከሉላቸው እነሱ ናቸው፣ አንቺ ግን ከመጥፎው ጋር ጠርገሽ አወጣሻቸው አለኝ። አሁን መድኃኒት የሚባል ነገር አቁሚና ጥሩዎቹን መልሰሽ ስጪያቸው። በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው፤ ቀፊራ ገበያ መኖ ሻጯ ፋርቱን ጋ ይገኛል።

ወይ በለጠች! ያልተጠየቅሽው ውስጥ ገብተሽ ስንቱን ገደልሽ።

ማርቲ ከሥራ ስትገባ ሁሉንም ነገርኳት። ልጄ ናት፣ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። አረብ አገር ልትሄድ ኤጀንሲ ተመዝግባለች። ጫማዋን እያወለቀች፣ ዶሮዎቹ በእግራቸው ቢቆሙማ ማን አረብ አገር ይሄዳል አለችኝ። ቀና ብላም አላየችኝ። እኔ ግን ይህቺን ንግግሯን አልለቃትም። ዶሮዎቹን አቆማለሁ። ካቆምኳቸው ልጄ አትሄድም።

ሚያዝያ 19

አምስት። አምስቱም የፊት ቤት።

ቀፊራ ሄድኩ። ፋርቱንን አሥራ ሁለት ዓመት አውቃታለሁ፤ መኖ የምገዛው ከሷ ነው። እናቷ ከጀልዴሳ ወተት እያመጣች የምትሸጥ ሴት ነበረች። አባዮ ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ እኔ ደግሞ ሱማሌኛዬ እዚያ ላይ ያበቃል። ዱቄቱን ከፍሪጅ አውጥታ ከመስጠቷ በፊት ሦስት ነገር አስጠነቀቀችኝ። አንደኛ፣ ሙቀት እንዳያገኘው። ሁለተኛ፣ መድኃኒት ባለበት ውሃ እንዳትበጠብጪው። ሦስተኛ፣ ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት። ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ እንደ እርሾ አስቢው አለችኝ።

ሦስቱንም ጻፍኩ። እኔ በሌላ ልታማ እችላለሁ፣ ትእዛዝ በማክበር አልታማም። መብራት ሲጠፋ ዱቄቱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ፀረ ባክቴሪያውን ሽንት ቤት ደፋሁት።

ሚያዝያ 20

ዛሬ ተጀመረ። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከበርሜሉ ቀዳሁ፣ በጠበጥኩ፣ ለፊት ቤት ሰጠሁ። የጓሮዎቹን ማርቲ ሥራ ከመሄዷ በፊት ታጠጣለች።

የበርሜሉን ውሃ እንደ ሁሌውም ከማታው አክሜዋለሁ። ሌላው ሰው ለበርሜል አንድ ቆርኪ ክሎሪን ነው የሚያደርገው፣ እኔ ሁለት ነው። ማርቲ ቤታችን ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል ትላለች። ይሽተት። ከ1998 ወዲህ እዚህ ቤት ያልታከመ ውሃ ማንም አፍ ውስጥ አይገባም። የዶሮም ቢሆን።

ስለ ልጄ ስለ ግሩም አልጽፍም። ደብተሩ የዶሮ ነው።

ሚያዝያ 24

ሁለት። ሦስት። ሁለት። አራት። የአራት ቀን ነው፣ ጊዜ አጥቼ ነው። ሁሉም የፊት ቤት። ውሃውን ቀመስ አድርገው ይተዉታል። አብዲራሺድን ደወልኩለት፣ ጀልዴሳ ፍየል ሊከትብ ሄዷል። ታገሺ አለኝ።

ሚያዝያ 28

ሦስት።

ከሰዓት ነው። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፣ መንገዱ ላይ ባጃጅ እንኳን የለም። እኔ እንቅልፍ የለኝም። ማርቲ ጓዳ ሆና ስልክ ስታወራ ሰማሁ። የኤጀንሲው ደላላ ዋበሪ ነው። ቪዛው ወጥቷል። ሰኔ 14 ነው ተባለ። እሺ አለችው። እንዲያው እሺ ብቻ፣ ሽንኩርት ግዢ የተባለች ይመስል።

ወጥታ ስታየኝ እዚያው ቆምኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩና፣ የጓሮዎቹ ዛሬ ሰባ እንቁላል ጣሉ አልኳት። ጥሩ ነው እማ አለችኝ።

የሚገርመው እሱ ነው። ጓሮ አንዲትም አልሞተችም። ኩሳቸው ጠጥሯል። ያው ዱቄት፣ ያው መኖ። ጥላው ይሆናል፣ ኒሟ ታቀዘቅዝላቸዋለች።

ግንቦት 2

ስድስት። ለፊት ቤት ጣሪያ ጆንያ አለበስኩ። ውሃውን ተጠራጠርኩት፣ ሦስት ቆርኪ አደረግኩ። ሰኔ 14 ሳይደርስ ብዬ ቸኩያለሁ።

ግንቦት 6

ሰባት። የፊት ቤት አርባ ሦስት ቀረ።

ዛሬ የሠራሁትን ልጻፍ። ጠዋት ማርቲ ጓሮ ስታጠጣ ድንገት ደረስኩ። ከበርሜሉ አይደለም የምትቀዳው! የውሃ ፈረቃው ሲደርስ ከቧንቧው በጄሪካን ሞልታ፣ እንዲሁ፣ ክሎሪን ጠብ ሳይልበት፣ ዱቄቱን በጥብጣ ትሰጣቸዋለች። ከሁለት ሳምንት በላይ! ለምን ስላት፣ በርሜሉ ይሸተኛል፣ እነሱም አይወዱትም አለችኝ። እንዴት እንደጮኽኩባት ጎረቤት ይናገር። ሰነፍ አልኳት። ውሃ ሰው እንደሚገድል አንቺ ሳታውቂ ማን ይወቅ አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ጄሪካኑን አስቀምጣ ቁርስ ሳትበላ ወጣች።

ከነገ ጀምሮ የጓሮዎቹንም እኔው አጠጣለሁ። እስከ ዛሬ የተረፉት እግዜር ጠብቆልኝ ነው።

ግንቦት 10

ፊት አራት። ጓሮ ሁለት።

ጓሮ!

ግንቦት 11

ፊት ሦስት፣ ጓሮ አምስት። የጓሮውም ኩስ ውሃ ሆነ።

ያላደረግኩት ነገር የለም። ሙቀት አላስነካሁትም፣ መድኃኒት የለም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተረፈውን እደፋለሁ። እኔ ካላጠፋሁ ያጠፋ ሰው አለ ማለት ነው። መብራት በቀን አራት ጊዜ በሚጠፋበት ከተማ የፋርቱን ፍሪጅ ምን ይሠራል? ዱቄቱ እጄ ሳይገባ ሞቷል። የሞተ ነገር ሸጣልኛለች።

የዶሮ አርቢ ሴቶች ማኅበራችን ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለው፣ ሠላሳ ስምንት ነን። ማይኩን ተጭኜ ተናገርኩ። የፋርቱን ዱቄት የሞተ ነው፣ የኔን ዶሮዎች ጨርሷል፣ እናንተ እንኳን ትረፉ አልኩ። የላክሁትን መልሼ ሰማሁት። የማኅበሩ ሰብሳቢ ዝናሽ ወዲያው አመሰገነችኝ። ሌሎቹም አመሰገኑኝ። ለአንድ ቀን ቀለል አለኝ፤ መዋሸት አልፈልግም፣ ቀለል አለኝ።

ግንቦት 15

ፊት ሁለት፣ ጓሮ ስድስት።

ቀፊራ ሽንኩርት ስገዛ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። ያቺ መኖ ሻጭ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው የምትሸጠው፣ አንዲት የጤና ባለሙያ መርምራ አረጋግጣለች ይላሉ። የጤና ባለሙያዋ እኔ መሆኔ ነው። ካርድ ክፍል ነበርኩ አላልኳቸውም። ሽንኩርቱን ሳልመርጥ ገዝቼ ወጣሁ።

በፋርቱን ሱቅ በኩል አላለፍኩም፣ ዞሬ ሄድኩ። ሴቶቹ የገዙትን ፓኮ እየመለሱላት ነው አሉ።

ማርቲ ሻንጣ ገዛች። ሰማያዊ ነው። አየሁት። ምን ልበል? ዶሮዎቹ ቢቆሙ ኖሮ የምለው ነበረኝ።

ግንቦት 21

ፋርቱን መጣች።

እኩለ ቀን ላይ፣ ማንም በማይወጣበት ፀሐይ፣ በእግሯ። በአንድ እጇ ፔርሙስ፣ በሌላው ሁለት ብርጭቆ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ በሩ ላይ ደረቅኩ። ሰላም አለችኝ፣ ገባች፣ ተቀመጠች። የፈላ የፍየል ወተት ይዣለሁ፣ አሁን ለብ ብሏል አለች። ከዚያ፣ ጠዋት ጠዋት የምታደርጊውን ሁሉ እኔ ፊት አድርጊ አለችኝ።

አደረግኩ። ከበርሜሉ ቀዳሁ፣ ከራሷ አዲስ ፓኮ ዱቄቱን በጠበጥኩ። እሷ ደግሞ ያንኑ ዱቄት በታሸገ ውሃ በጠበጠች። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ስለ ዶሮ አላወራንም፤ ስለ እናቷ ጉልበት ጠየቅኳት፣ ያማታል አለች። ከዚያ ከኔ ውሃ አንድ ማንኪያ በአንዱ ብርጭቆ ወተት፣ ከሷ ውሃ አንድ ማንኪያ በሌላው ጨመረች። የኔን ብርጭቆ በጥቁር ክር፣ የሷን በነጭ አሰረች። ከድና በፎጣ ጠቀለለቻቸው። ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ እኔ ሳልደርስ እንዳትከፍቺ አለችኝ። ስትወጣ በርሜሉ ጋ ቆም ብላ ክዳኑን አነሳችና ፊቷን ዞር አደረገች። ክዳኑን መልሳ ሄደች።

ፊት አንድ፣ ጓሮ አራት።

ግንቦት 22

ከፈተችው። ነጭ ክር የታሰረው ረግቷል። ብርጭቆውን ዘቅዝቃ አሳየችኝ፣ አይፈስም። ጥቁሩ ትናንት እንደተቀዳ ወተት ነው።

«ዱቄቴ ሞቶ አይደለም፣ አባዮ። የሚሞተው እዚህ ቤት ነው።»

በርሜሉ ውስጥ ምን አለ አለችኝ። ክሎሪን አልኳት። መድኃኒት ባለበት ውሃ አትበጥብጪ አላልኩሽም አለች። ክሎሪን መድኃኒት ነው እንዴ አልኳት፤ ውሃን ውሃ የሚያደርገው እሱ አይደል? ምን ይገድላል ስትለኝ፣ ተሕዋስያን አልኩ። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም። ያልረጋው ብርጭቆ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሏል።

ይቅርታ አላልኳትም።  እሷም አልጠበቀችም፣ ፔርሙሷን ይዛ ሄደች።

ጓሮ። የማርቲ ጄሪካን። ለካ ልጄ ከሁለት ሳምንት በላይ ስታድናቸው ነበር፣ እኔ ነጥቄ የገደልኳቸው።

ግንቦት 25

አብዲራሺድ ነገሩን ከፋርቱን ሰምቶ ደወለልኝ። ከበርሜሉ አትቅጂ፣ የቧንቧው ውሃ ይበቃል፣ ዱቄቱን ባልታከመ ውሃ ስጪ አለኝ። እሺ አልኩት።

ጠዋት ጄሪካኑን ያዝኩ። እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ጠብታ ብቻ አደረግኩ። አንድ ጠብታ ምን ያደርጋል?

ግንቦት 27

ጠብታ ብዬ ጻፍኩ። ግማሽ ቆርኪ ነበር። ዛሬም ግማሽ ቆርኪ ነው። ፊት ሁለት፣ ጓሮ ሦስት። አብዲራሺድ ተሻላቸው ወይ ሲለኝ እየተሻላቸው ነው አልኩት። ሐኪም ዋሸሁ። ጤና ጣቢያ እያለሁ ሐኪም የሚዋሽ በሽተኛ እንዴት ያናድደኝ ነበር።

አልችልም። ያንን ውሃ ያለ ክሎሪን ሕይወት ላለው ነገር ማቅረብ አልችልም። እብድ ነኝ መሰለኝ። ሁሉንም አውቃለሁ፣ ወተቱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እጄ ግን ቆርኪውን ይከፍታል።

ሰኔ 2

ዶሮ አልቆጠርኩም።

ከሰዓት ላይ፣ ሰው በተኛበት፣ ጄሪካኑ ላይ ክሎሪን ሳንጠባጥብ ማርቲ ደረሰችብኝ። ሥራዋን ከለቀቀች ሳምንቷ ነው፣ ቤት ነው የምትውለው። ጮኸች አልልም። አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ለምን አለችኝ።

እንግዲህ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ያኔ ቤታችን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። የ1998ቱ ጎርፍ ካለፈ በኋላ በየቤቱ እየዞርን ውሃ አክሙ እያልን እናስተምር ነበር፣ ከጤና ጣቢያው የሚችል ሁሉ ወጥቶ። ያን ቀን ተቻኩዬ የራሴን በርሜል ሳላክም ወጣሁ። ነገ ጠዋት አደርገዋለሁ ብዬ። ግሩም ሦስት ዓመቱ ነበር። ማታ ጀመረው፣ በሦስተኛው ቀን የለም። ሰው ስታስተምር የራሷን ልጅ የገደለች እናት ማለት እኔ ነኝ አልኳት። አባትሽ ክፍሉ እስኪሞት አንድ ቀን አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር አልኳት።

ማርቲ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ተናገረች፣ ቃሏን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ግሩም ከበርሜሉ አልጠጣም፣ እማ። ጠማኝ ብሎ አለቀሰ፣ በርሜሉ ይረዝመኝ ነበር፣ ክዳኑ ላይ አልደረስኩም። ውጭ የቆመ ባልዲ ነበር፣ ጎረቤት ከደቻቱ አሸዋ ቆፍረው የቀዱት። ከሱ አጠጣሁት። እኔ ነኝ።»

ስድስት ዓመቷ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ብሰርዘው እወዳለሁ። አልሰርዘውም። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም አለ ውስጤ። አንድ ትንፋሽ እንኳን አይሞላም፤ ግን ማርቲ ፊቴን እያየች ነበር። አየችው። ተነስታ ጓዳ ገባች፣ በሩን በቀስታ ዘጋችው። ቢያንስ ብታላጋው ምን ነበረበት።

ከበሩ ውጭ ቆሜ ስትናገር ሰማሁ፣ ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ልሄድ ያልኩት ለዶሮው አይደለም፣ ከዚህ ሽታ ልሽሽ ነው አለች። በየማታው ሁለት ቆርኪ ስትጨምሪ የኔን ጥፋት ነው የምትቆጥሪው ይመስለኝ ነበር አለች።

ሰኔ 3

አላወራንም። ውሃውን ያለ ክሎሪን፣ ባዶውን ሰጠሁ።  በር ላይ ቁጭ ብዬ ሲጠጡ አየሁ። በደንብ ጠጡ።

ሰኔ 5

ትናንት ፊት አንድ፣ ዛሬ ማንም።

ግሩፑ ላይ ገባሁ። ድምፄን አራት ጊዜ ቀድቼ አጠፋሁ፣ በአምስተኛው ላክሁት። በለጠች ነኝ፣ ግንቦት 11 ስለ ፋርቱን ያልኩት ውሸት ነው፣ ዱቄቷ ሕያው ነው፣ ክሎሪን በበዛበት ውሃ እየበጠበጥኩ የገደልኩት እኔ ነኝ፣ የጤና ባለሙያም አይደለሁም አልኩ። ዝናሽ ኧረ አይባልም አለችኝ። ሌሎቹ ዝም አሉ። ያኔ ሲያመሰግኑኝ ሠላሳ ነበሩ።

ከዚያ ቀፊራ ሄድኩ። ፋርቱን ሱቅ ውስጥ ብቻዋን ነበረች፣ የተመለሱት ፓኮዎች ጥግ ላይ ተከምረዋል። ፍሪጅ የሚገባው ነገር ሴቶቹ በፀሐይ ሲያዞሩት ውለው ስለመለሱት እንደገና አይሸጥም። ይቅርታ አልኳት። ሰምቻለሁ፣ መልእክቱን ሰምቻለሁ አለች። አባዮ አላለችኝም። ለሳምንት የሚሆን ዱቄት ከፍሪጅ አውጥታ ሰጠችኝና ቤትሽ ሳይሞቅ ድረሺ አለችኝ።

ሰኔ 10

አምስት ቀን ማንም አልሞተም። ፊት ሃያ ሁለት፣ ጓሮ ስልሳ ስምንት። ኩሳቸው ጠጥሯል። ቅርፊቱ ጠንክሯል።

ይሄን ቀን ስንት ለምኜዋለሁ! መጣ፣ ደስታም አላመጣልኝ። ማርቲ ልብሷን እያጣጠፈች ነው። ምግብ አቀርባለሁ፣ ትበላለች፣ ሳህኗን ታጥባለች። እንግዳ ሆናብኛለች። የዶሮ ቁጥር ነግሬያት ጥሩ ነው ብላኛለች።

ሰኔ 13

ነገ ነው። ዋበሪ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በመኪና መጥቶ ይወስዳታል። ምን ብዬ እንደማስቀራት ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። እንቁላሉን ልንገራት? በክረምት ጫጩት እንጨምራለን ልበላት? ሁሉንም አዘጋጀሁ። አንዱም አንድ ልጅ አያስቀርም።

ሰኔ 14

አሁን ስምንት ሰዓት ነው፣ ሰው ተኝቷል። የጠዋቱን ልጻፍ።

መኪናው ደጅ ላይ ጡሩምባ ሲያሰማ እኔ ጓሮ ዶሮዎቹን እያጠጣሁ ነበር። ማርቲ ሻንጣውን እየጎተተች ልትሰናበተኝ መጣች። ዛሬ ሃምሳ ሁለት እንቁላል አለ አልኳት። ጥሩ ነው እማ አለችኝ፣ ልትስመኝ ጎንበስ አለች።

አልተሳምኩም። እጇን ያዝኩት። ስድስት ዓመትሽ ነበር አልኳት። ወንድምሽ ጠማው፣ አጠጣሽው፣ ሌላ ምን ታደርጊ ነበር? ብቻሽን ጥዬሽ የወጣሁት እኔ፣ ባልዲውን ያልደፋሁት እኔ። ያን ቀን ፊቴ ላይ ያየሽውን አይተሻል፣ አላየሽም አልልሽም፤ እሱ የኔ ነውር ነው፣ አንቺን አይመለከትም አልኳት። አለቀሰች፤ ከአባቷ ቀብር ወዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ክረምት ከበጋ አፌ ላይ እያለ ያላወጣሁትን አወጣሁት።

«አትሂጂ።»

«ለዶሮዎቹ ነው?» አለችኝ።

«ዶሮዎቹ ገደል ይግቡ። አትሂጂብኝ፣ ማርቲ።»

ጡሩምባው ደገመ። ሻንጣውን እዚያው ኒሟ ስር ትታ ወደ በሩ ሄደች። ዛሬ አልሄድም ስትለው ሰማሁ። ዋበሪ ብዙ ተናገረ፣ ሌሎች ልጆች መኪናው ውስጥ እየጠበቁ ነው፣ ቲኬቱስ፣ ቪዛውስ አለ። እሷ ያንኑ ደገመችለት። መኪናው ሄደ።

ተመልሳ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ዛሬ ነው ያልኩት፣ እማ፣ ሰምተሻል አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት።

ነገም እለምናታለሁ።